አንዱ ሽያጭ ሁለት ጊዜ የተጻፈበት ምክንያት

ባለፈው ክረምት ደሴ ፒያሳ ላለው ለአጎቴ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ሽያጭ የሚመዘግብ ትንሽ ፕሮግራም በጃቫ ቋንቋ ጽፌ ነበር። አንድ ቀን ማታ አጎቴ ስክሪኑን ሲመለከቱ እያንዳንዱ ሽያጭ ሁለት ሁለት ጊዜ ተጽፎ አገኙ። በመሳቢያው ያለው ገንዘብ ግን የግማሹ ብቻ ነበር። ዓይናቸውም ወዲያው ወደ ሻጩ ልጅ ዞረ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። እኔም ጥፋቱ ከፕሮግራሙ ሊሆን ስለሚችል ጥቂት እንዲታገሡኝ ለመንኋቸው።

ነገሩን ለማስረዳት ያህል፤ ጃቫ ከ1994 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2002) ጀምሮ ፕሮግራሙ የሠራውን የሚጽፉ ሎገር የሚባሉ መዝጋቢዎች አሉት። እነዚህም እንደ ቤተ ሰብ የዘር ሐረግ አላቸው። «ሱቅ» አባት ቢሆን «ሱቅ.ሽያጭ» ልጅ፥ «ሱቅ.ሽያጭ.ዱቤ» የልጅ ልጅ ነው፤ የሁሉም የበላይ ሥር የሚባለው ስም አልባ ሎገር ነው። እኛ የራሳችንን ስም አስቀድመን የአባታችንን እናስከትላለን፤ ጃቫ ግን ከአያት ይጀምራል። ልጁ የራሱ ደረጃ ካልተሰጠው ደረጃ ካለው ከቅርቡ ወላጁ ይወርሳል። ሥሩ ሳይነካ ከተተወ ደረጃው ኢንፎ ነው፤ ከዚያ ያነሰውን፥ ለምሳሌ ፋይን የተባለውን ጥቃቅን ዝርዝር፥ አይቀበልም።

እኔ ግን የዋጋው ስሌት በዝርዝር እንዲታየኝ ፈልጌ «ሱቅ.ሽያጭ»ን ወደ ፋይን ዝቅ አደረግሁት። ምንም አልታየም! መልእክቱን ወደ ስክሪን የሚያወጣው ሃንድለር የሚባለው ክፍል ለብቻው ደረጃ አለው፤ የሥሩም ሃንድለር ኢንፎ ላይ ነበር። ስለዚህ ለልጁ ፋይንን የሚቀበል ሌላ ሃንድለር ሰጠሁት። ስሕተቱ ከዚህ ላይ ነበር። ልጅ መልእክቱን በራሱ ሃንድለር ካወጣ በኋላ ለአባቱም ሃንድለሮች ያቀብላል፤ እንዲህ እያለ እስከ ሥሩ ይደርሳል። በዚህ ጊዜ የአባቱ ደረጃ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው የሃንድለሩ ብቻ ነው።

ያን ማታ ልብ ብዬ ባይ ሁለት ጊዜ የተጻፈው የኢንፎው ሽያጭ ብቻ ነው፤ የፋይኑ ስሌት አንዳንድ ጊዜ ብቻ ተጽፏል። የጥንዶቹም መስመሮች ሰዓት እስከ ሰከንዱ አንድ ነው። ይህን ለአጎቴ አሳየኋቸው፤ ደረሰኞቹንም ስንቆጥር ከገንዘቡ ጋር ልክ ሆኑ።

ከዚያም በ«ሱቅ.ሽያጭ» ላይ ሴት ዩዝ ፔረንት ሃንድለርስ የተባለውን ትእዛዝ ሐሰት ብዬ ወደ አባቱ የሚወስደውን በር ዘጋሁ። በሩ የሚከለክለው መልእክቱን እንጂ የደረጃውን ውርስ አይደለም። በእኔ አስተያየት ግን ሃንድለርን ለሥሩ ብቻ ሰጥቶ፥ እርሱንም ወደ ፋይን ዝቅ አድርጎ፥ ደረጃውን ለልጆቹ እንደየአስፈላጊነቱ ማከፋፈል ይሻላል።

በማግስቱ አጎቴ ለሻጩ ልጅ ሻይ አዘዙለት፤ ለእኔ ግን አላዘዙልኝም።