በስም አጻጻፍ ልዩነት የሚጠፉ መዝገቦችን በቀላል የኮምፒውተር ትእዛዝ ማግኘት ይቻላል

በጎንደር ከተማ የሚገኘው የአፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ውኃ የሚያገኘው ከቀሐ ወንዝ ነው። የወንዙ ስም በተለያዩ ጽሑፎች «ቀሐ»፣ «ቀሃ» ወይም «ቀሀ» ተብሎ ይጻፋል። አንባቢ ሦስቱም አንድ መሆናቸውን ያለችግር ሲረዳ፣ ኮምፒውተር ግን እንደ ሦስት የተለያዩ ቃላት ይቆጥራቸዋል። በዚሁ ምክንያት «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበ ባለጉዳይ «ሀይሉ» ተብሎ ሲፈለግ ፋይሉ የለም ሊባል ይችላል።

በላቲን ፊደል የተያዙ ስሞችም በትልቅና በትንሽ ፊደል ልዩነት ተመሳሳይ ችግር ይገጥማቸዋል። ኮምፒውተር ትልቁን «ኤ» በቁጥር 65፣ ትንሹን በ97 ስለሚለይ ሁለቱ ለእርሱ አንድ አይደሉም። በሊኑክስ ሥርዓት ሼል ስክሪፕት የተባለው የትእዛዞች ዝርዝር ይህን ልዩነት ያስወግዳል። «ቲአር» የተሰኘው ትእዛዝ ፊደላቱን በሙሉ ወደ አንድ መጠን ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ባሽ 4.0 ደግሞ «^^» በሚለው ምልክት ወደ ትልቅ፣ «,,» በሚለው ወደ ትንሽ ፊደል ይቀይራል።

የግእዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው እነዚህ ምልክቶች አይለውጡትም። እያንዳንዱ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ስለሚይዝና «ቲአር» በተለመደው የሊኑክስ አሠራር ባይት በባይት ስለሚሠራ፣ የአማርኛን ጽሑፍ ሊያበላሽ ይችላል። በምትኩ «ሴድ» በተባለው ትእዛዝ «ሐ» እና «ኀ»ን ወደ «ሀ»፣ «ሠ»ን ወደ «ሰ»፣ «ዐ»ን ወደ «አ»፣ «ፀ»ን ወደ «ጸ» ከነእርባታቸው መለወጥ ይቻላል። በድምፅ የማይለዩት «ሃ» እና «ኣ»ም ወደ «ሀ» እና «አ» መጠቃለል አለባቸው።

ይሁንና ለውጡ ለፍለጋ በተዘጋጀ ቅጂ ላይ ብቻ ሊፈጸም ይገባል። በግእዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» ግን ስርቆትን ያመለክታል። ስሙ ሠረቀብርሃን የሆነ ሰው በ«ሰ» ቢጻፍ ብርሃን የወጣለት ሳይሆን ብርሃን የሰረቀ ይሆናል። በመሆኑም ዋናው መዝገብ ባለቤቱ እንደጻፈው መቆየት ይኖርበታል።

በፍለጋ የስም መመሳሰል መገኘቱም የሰውየውን ማንነት አያረጋግጥም። የአያት ስም፣ የትውልድ ቀንና በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት የሚሰጠው የዲጂታል መታወቂያ ቁጥር ተያይዘው ሲታዩ ባለጉዳዩ በአንድ ፊደል ምክንያት ከመጉላላት ይድናል።