ጣት ሳይወጋ፣ ስንት ይመስልዎታል?

«ጋሼ፣ አሁን ስኳርዎ ስንት ይመስልዎታል?» የስኳር ክትትል ክፍሏ ሲስተር ጣት ከመውጋቷ በፊት ይህን ሳትጠይቅ አታልፍም። የሚኒባስ ሹፌሩ «ደህና ነኝ፤ 150 ቢሆን ነው» ይላሉ። መለኪያው ያሳየው 62 ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ደብተራቸው ላይ ጎን ለጎን ይሰፍራሉ።

አሠራሩ ዳንኤል ኮክስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ካዘጋጁት ሥልጠና ጋር ይቀራረባል፦ ታካሚው ሰውነቱን ያዳምጣል፣ ይገምታል፣ ይለካል፣ የት እንደሳተ ያያል።

ስኳር ከ70 በታች ሲወርድ አብዛኛውን ጊዜ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ድው ድው ይላል፣ ሰው ላብ በላብ ይሆናል። ከ54 በታች ሲደርስ አንጎልም ስኳር ያጥረዋል፤ ሰውየው ይነጫነጫል፣ ንግግሩ ይጎተታል፣ ያየው ሁሉ «ጠጥቶ ነው» ይላል። ሹፌሩ ግን አንዱም አልተሰማቸውም። ስኳር በተደጋጋሚ ሲወርድ ሰውነት ማስጠንቀቁን እየተወ ይሄዳል። ለጥቂት ሳምንታት እንዳይወርድ ከተጠነቀቁ ምልክቱ ቢያንስ በከፊል ሊመለስ ይችላል። እስከዚያው ሳይለኩ መሪ መጨበጥ የለም።

ተቃራኒውም ያጋጥማል። አንዲት እናት እየተንቀጠቀጡ «ስኳሬ ወርዷል፤ ለስላሳ ስጡኝ» አሉ። ሲለካ 128 ሆነ። ለወራት 300 አካባቢ የለመደ አካል ስኳሩ ወደ ጤናማው መጠን ሲቀርብ የወረደ ይመስለዋል። ለስላሳው መልሶ ወደ ላይ ይሰቅለው ነበር።

ግምት መለኪያን አይተካም፤ 250 ላይ ሆኖ ምንም የማይሰማው ብዙ ነው። ግን ስትሪፕ ከኪሱ ለሚገዛ ሰው በቀን አራቴ ይለኩ ማለት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሲስተር ሰዓት ታስመርጣለች፦ ኢንሱሊን ከመወጋት በፊት፣ ከመንዳት በፊት፣ ሰውነት እንግዳ ነገር ሲሰማው። ከ70 በታች ከሆነ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት።

ሁዳዴ ሲገባ ደብተሩ ሌላ ነገር ያወጣል። ጠዋት 12 ሰዓት የተወጉት ኤንፒኤች ኢንሱሊን ኃይሉ የሚበረታው ከአራት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ሆዱ ባዶ በሆነበት ሰዓት ማለት ነው። «ድካሙ የጾም ነው» የሚሉ ታካሚ እኩለ ቀን ላይ እንዲለኩ ትመክራለች። 58 ተጽፎ ከመጣ ገጹን ይዛ ወደ ሐኪሙ ትገባለች፤ የጠዋቱ መጠን ይታያል፣ ስለ ጾሙም ከንስሐ አባታቸው ጋር እንዲነጋገሩ ይነገራቸዋል።