አጋር በሰው አገር

አንድ እሑድ እዚህ ልደታ በምናመልክበት ጸሎት ቤት ስብከት ልጀምር ስል፣ እንደ ልማዴ «እባካችሁ ስልክ አጥፉ» አልኩ። አንዲት እናት ስልካቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ዝም አሉ። አይቻቸው ደግሜ ተናገርኩ፤ ኮስተር ብዬ ነው የተናገርኩት። አጠፉት። ከአምልኮ በኋላ በር ላይ ሳገኛቸው፣ ልጃቸው ቤይሩት በሰው ቤት እንደምትሠራና መዝሙሩን እንድትሰማ መስመሩን ክፍት ትተውላት እንደነበር ነገሩኝ። የዚያን ቀን የምሰብከው ስለ ፍቅር ነበር።

ወገኖቼ፣ ብቸኝነት ሰው ማጣት ብቻ አይደለም። ያቺ ልጅ ያለችበት ቤት ሰው ሞልቶታል፤ የምታበላውም፣ የምታጥብለትም ሰው ነው። ያጣችው የሚያውቃትን ሰው ነው። ከፋላ በሚባለው አሠራር የመኖሪያ ፈቃዷ ከአንድ አሠሪ ጋር የታሰረ ነው፤ ያለ እሱ ፈቃድ ከቤቱ ብትወጣ ሕገ ወጥ ትባላለች። ፓስፖርታቸው የተያዘባቸው ብዙ ናቸው። ታኅሣሥ 29 እኛ ገናን ስናከብር ለእሷ ልብስ የሚተኮስበት ቀን ነው። ስሟ ለአፋቸው አልመች ብሎ በሌላ ስም የሚጠሯትም አሉ።

ይህ የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ብቻ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሰዋል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ኮሮናና የገንዘብ ቀውስ ሊባኖስን ሲመታት፣ ደመወዝ መክፈል ያቃታቸው አሠሪዎች እህቶቻችንን ከነሻንጣቸው ቤይሩት ባለው ቆንስላችን በር ላይ ጥለው ሄደዋል።

ታዲያ መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ቤት ሠራተኛ ምን ይላል? ዘፍጥረት 16ን ግለጡ። አጋር ግብፃዊት ናት፤ በሰው አገር፣ በሰው ቤት የምታገለግል። ልብ በሉ፣ በዚያ ምዕራፍ ሦራም አብራምም ሲያወሩ በስሟ አይጠሯትም፤ «አገልጋይ» ነች፣ በቃ። መከራው ሲበዛባት ጠፍታ ወጣች። በየት በኩል? በሱር መንገድ፣ ወደ ግብፅ በሚወስደው። ወደ አገሯ እየሄደች ነበር እኮ! ምንጭ አጠገብ ያገኛት መልአክ ከሁሉ አስቀድሞ በስሟ ጠራት፤ ከዚያ ከየት እንደመጣችና ወዴት እንደምትሄድ ጠየቃት። ከእኛ ስንቶቻችን ነን ውጭ ላለ ዘመዳችን ይህን ጥያቄ የምንጠይቀው? እኛ የምንጠይቀው ብሩ መቼ እንደሚላክ ነው። አጋርም እግዚአብሔርን የሚያያት አምላክ ብላ ጠራችው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልጨምር። መልአኩ «ተመለሺ» ስላላት፣ የምትደበደብን ልጅ «ታገሺ» ብሎ የሚመክር አገልጋይ ሰምቻለሁ። ይህ ሰው ምዕራፍ 21 ድረስ አላነበበም። እዚያ አጋር ከዚያ ቤት ወጥታለች፤ እግዚአብሔርም ከቤቱ ውጭ፣ በምድረ በዳ፣ የልጇን ድምፅ ሰምቶ ውኃ አሳያት። ለልጇም ሚስት ያመጣችለት ከግብፅ ነው። ያን ሁሉ ዓመት አገሯ ከልቧ አልወጣም ማለት ነው።

«የሚጸልይ ሰው ብቸኝነት አይሰማውም» የሚሉም አሉ። ጳውሎስ አይጸልይም ነበር? በሁለተኛው የጢሞቴዎስ መልእክት መጨረሻ ላይ፣ ታስሮ ሳለ ሰው ሁሉ እንደተወው ይናገራል። ጢሞቴዎስንም ከክረምት በፊት እንዲመጣለትና በጢሮአዳ ትቶት የመጣውን በርኖስ እንዲያመጣለት ይለምነዋል። በርዶታል፣ ሰውም ናፍቆታል።

ከሁሉ የሚከፋው መርዶ ነው። እኛ አገር መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚይዝ ሰው ከጎን ቆሞ ነው። ውጭ ላለ ግን ወይ ለወራት እንደብቀዋለን፣ ወይ ሥራ ላይ እያለ ከፌስቡክ ያነበዋል። አንዳንዶች ዋሽንግተን ላለ ልጅ እዚህ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ይደውላሉ፤ በእነሱ ብርድ ወቅት እዚያ እኩለ ሌሊት ነው። አስቀድማችሁ በከተማው ያለችውን የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ፈልጉ። ሰው ይሂድለት፣ እሱ አጠገቡ ተቀምጦ ይንገረው። በር ለተቆለፈባት ልጅ ግን ይህም አይሆንላትም፤ ለእሷ የሚቀረው የእናንተ ድምፅ ነው፣ ስለዚህ ነግራችኋት ቶሎ አትዝጉት።

የተመለሱትንም አንርሳ። ልጅቷ በሐሳቧ ይዛው የኖረችው ልደታ አሁን የለም። የቀበሌ ቤቶቹ ፈርሰው ኮንዶሚኒየምና ፎቅ ተሠርቶባቸዋል፣ ጎረቤት ተበትኗል፣ የዕድር ድንኳን የሚተከልበት ሜዳ የለም። አገሯ ገብታም አገሯ ይናፍቃታል። በየሳምንቱ በቤት የምትሰበሰቡ የጸሎት ቡድኖች፣ ከጸሎት በፊት ቡና አፍሉና ስለ ብሩ ሳትጠይቁ አስወሯት።

እኚያን እናት ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ። አሁን እሑድ እሑድ የሚቀመጡት ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ነው፤ ስልካቸው ወንበሩ ላይ ክፍት ሆኖ ይቀመጣል። ሰላምታ ስንለዋወጥ አስተናጋጆቹ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው በስሟ እየጠሩ ሰላም ይሏታል። አንዳንዴ ትመልሳለች፣ አንዳንዴ የውኃ ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ ዕቃ እያጠበች ነው።