የሆቴል ነጥብ፣ የአየር መንገድ ማይልና የአያት ስም

በነጥብ የታደረበት ሪዞርት በነጻ የታደረበት ሪዞርት ማለት አይደለም። ይህ ልዩነት በግልጽ ስለማይነገር፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ባሉ የቲኬት ቢሮዎች ስልኩን ከፍቶ አንድ አጭር ቪዲዮ እያሳየ «ማልዲቭስ በነጻ» የሚባለውን ጉዞ የሚጠይቅ ደንበኛ አይጠፋም፤ ከጠያቂዎቹም መካከል ለማያውቁት ደላላ ቅድሚያ ከፍለው፣ ገንዘቡ ከእጃቸው ከወጣ በኋላ ለማጣራት የሚመጡ ይገኙበታል። ጉዳዩ ሳይውል ሳያድር መታረም ያለበት ለዚህ ነው።

ነጥብ ወይም በተለምዶ አጠራሩ ፖይንት የሚባለው፣ አንድ የሆቴል ሰንሰለት አባል የሆነ ደንበኛ ላወጣው ገንዘብ በስሙ የሚመዘግብለት ዋጋ ሲሆን፣ ማይል የሚባለው ደግሞ አየር መንገዶች ለተበረረ ጉዞ የሚሰጡት ተመሳሳይ ዋጋ ነው። አሠራሩ የተስፋፋው አሜሪካን ኤርላይንስ እ.ኤ.አ. በ1981 መርሐ ግብሩን ከጀመረና ሆሊደይ ኢንና ማሪዮት በ1983 ከተከተሉት በኋላ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መርሐ ግብር ሼባማይልስ ይባላል፤ አየር መንገዱ በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ስታር አሊያንስ የተባለውን የአየር መንገዶች ኅብረት ስለተቀላቀለ፣ በኅብረቱ አባላት አውሮፕላኖች የተበረረውም በዚሁ አካውንት ሊመዘገብ ይችላል።

ነጥብ ከመሰብሰብ በፊት መታወቅ ያለባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። 1ኛ፦ ነጥብ በዋናነት የሚሠራው በሰንሰለቱ ውስጥ ባሉ ሆቴሎች ነው። በሱሉልታ የሚገኙት ያያ ቪሌጅና የቀነኒሳ ሪዞርት፣ እንዲሁም የቢሾፍቱው ኩሪፍቱና የሐዋሳው ኃይሌ ሪዞርት በየራሳቸው የተከበሩ ቤቶች ቢሆኑም የእነዚህ ዓለም አቀፍ ሰንሰለቶች አካል ስላልሆኑ፣ በእነርሱ ዘንድ የታደረ ሌሊት ለማልዲቭስ የሚሆን ነጥብ አያስገኝም። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1998 የተከፈተው ሸራተን አዲስ በማሪዮት፣ መስቀል አደባባይ ያለው ሃያት ሪጀንሲም በሃያት መርሐ ግብር የታቀፉ ናቸው።

2ኛ፦ ስሌቱ ሳይሠራ ጉዞ አይታሰብም። የሂልተን መደበኛ አባል በአብዛኞቹ የሰንሰለቱ ሆቴሎች ለሚያወጣው ለእያንዳንዱ የአሜሪካ ዶላር 10 ነጥብ ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው የማልዲቭሱ ዋልዶርፍ አስቶሪያ ኢታፉሺ ሲጀምር ለአንድ ሌሊት 120,000 ነጥብ ይጠይቅ የነበረ ሲሆን፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ 150,000 ደርሶ ከዚያም አልፏል፤ 150,000 ነጥብ በመደበኛ አባልነት የሚጠራቀመው 15,000 ዶላር ለሆቴል ከተከፈለ በኋላ ነው። በቪዲዮዎቹ የሚታዩት አሜሪካውያን ይህን ያህል ነጥብ የሚሰበስቡት በብዛት አልጋ በመከራየት ሳይሆን፣ ባንኮቻቸው አዲስ ክሬዲት ካርድ ላወጣና የተወሰነ ገንዘብ በካርዱ ለከፈለ ደንበኛ በሚያድሉት ጉርሻ ነው። እዚህ ከባንክ የወጣ የኤቲኤም ካርድ የያዘ ነጋዴ ይህን መንገድ ቢከተል የሚደርስበት ቦታ የለም፤ ቪዲዮውን የሚተረጉሙት ሰዎች ግን ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር ይዘሏታል። በዚህ ላይ ማሪዮት እ.ኤ.አ. በ2022 ቋሚ የነጥብ ሠንጠረዡን ትቶ ዋጋውን እንደ ወቅቱ ከፍና ዝቅ ማድረግ ስለጀመረ፣ አምና የተነገረ ቁጥር ለዘንድሮ ማስረጃ አይሆንም። ነጥብ የማይሸፍነው ወጪም አለ፦ ማልዲቭስ ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሪዞርት ከሚያድር እንግዳ በሌሊት 12 ዶላር አረንጓዴ ግብር ትሰበስባለች፣ ከማሌ ወደ ደሴቱ የሚያደርሰው ጀልባ ወይም በውኃ ላይ የሚያርፈው አውሮፕላን ለብቻው ይከፈላል፣ ዛንዚባርም ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከውጭ የሚገባ ጎብኚ የ44 ዶላር መድን እንዲገዛ ታስገድዳለች። እነዚህ ሁሉ የሚከፈሉት በውጭ ምንዛሬ ነው።

3ኛ፦ ስም። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ከቪዲዮዎቹ ይልቅ ብዙ ሰው የሚጎዳው በስም አጻጻፍ ነው። የነጥብ መርሐ ግብሮች የመንገደኛውን ማንነት የሚለዩት በአባልነት ቁጥሩና በላቲን ፊደል በተጻፈው ስሙ ሲሆን፣ በቲኬቱ ላይ ያለው ስም በአካውንቱ ላይ ካለው በአንድ ፊደል ቢለይ ማይሉ ሳይመዘገብ ሊቀር ይችላል። በኢትዮጵያ ደግሞ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም፤ ሰው የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ይዞ ይኖራል፣ ፓስፖርቱም የአያቱን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ያስቀምጣል። በስልኩ ራሱን የሚያስመዘግብ ሰው ግን በዚያው ቦታ የአባቱን ስም ይሞላል፤ ቲኬቱ ከፓስፖርቱ ተነሥቶ በአያት ስም ይቆረጣል፤ ሁለቱ ስሞች ሳይገናኙ ዓመታት ያልፋሉ።

ችግሩ በዚህ አያበቃም። ጫላ የሚለው ስም በቁቤ ሲጻፍ በ«ሲ» ተጀምሮ አናባቢው ይደጋገማል፣ በሌላ ሰነድ ላይ ግን በ«ሲኤች» ተጀምሮ አናባቢው አንድ ብቻ ይሆናል፤ በሰበታ የተማረ ወጣት የትምህርት ማስረጃው በአንዱ፣ ፓስፖርቱ በሌላው አጻጻፍ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ፀሐይ የሚለውን ስም አንዱ መዝጋቢ በ«ቲ»፣ ሌላው በ«ኤስ» ይጀምረዋል። ገብረ መስቀል በአንድ ሰነድ እንደ አንድ ቃል ተጋጥሞ፣ በሌላው ተለያይቶ ሲጻፍ፣ «መስቀል» የሚለው ለብቻው የሌላ ሰው ስም መስሎ ይነበባል። አንድን ስም በላቲን ፊደል በአንድ ወጥ መልክ የሚጽፍ፣ ቀበሌውም ትምህርት ቤቱም ባንኩም የሚገዛበት ደንብ ለዜጋው እስከ ዛሬ አለመድረሱ የሚያሳዝን ነው። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ከተዋቀሩ በኋላም ማኅተም ሲቀየር፣ ሕንፃ ሲታደስና ስብሰባ ሲጠራ ታይቷል፤ አንድ ዜጋ ስሙ በአንድ ዓይነት ፊደል እንዲጻፍለት መብት እንዳለው የሚነግረው መስኮት ግን አልተከፈተለትም። ስሕተቱን የፈጸመው መዝጋቢ ሆኖ ሳለ ለማስተካከል የሚመላለሰው፣ ቃለ መሐላ የሚፈጽመውና የሚከፍለው ባለስሙ ነው።

የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። መስከረም 1 ቀን 1985 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በምዝገባው ቅጽ ላይ 1985 ብሎ ሲሞላ፣ ፓስፖርቱ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1992 እ.ኤ.አ. ስለሚል፣ ማንነቱን እንዲያረጋግጥ በተጠየቀ ቀን አካውንቱ የሌላ ሰው ሆኖ ይታያል። በአንድ የቡራዩ ቲኬት ቢሮ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ የአንድ የጓንዡ ተመላላሽ ነጋዴ ፓስፖርት ገጾቹ በማኅተም ተሞልተው፣ አጠገቡ ያለው ስልክ ግን የማይል ቀሪ ሒሳቡን ዜሮ ብሎ ያሳይ ነበር፤ በአካውንቱ ላይ የሰፈሩት የአባቱ ስምና የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የልደት ቀኑ ነበሩ።

ከዚህ የተነሣ «ማይሉን ቲኬት ቆራጩ ይበላዋል» የሚል ወሬ በሰፊው ይነገራል። ወሬው ሐሰት ነው። የበረራ ማይል የሚመዘገበው ስሙ በቲኬቱ ላይ ለሰፈረውና ለበረረው ሰው ብቻ በመሆኑ፣ ቲኬት ቆራጩ የራሱን የአባልነት ቁጥር በደንበኛው ቡኪንግ ላይ ቢያስገባ እንኳ ስሙ ስለማይገጥም ምንም አያገኝም። ሙያውን አክብሮ የሚሠራ ቲኬት ቆራጭ ደንበኛው ሳይጠይቀው የአባልነት ቁጥሩን ጠይቆ ያስገባል፣ ፊደሉንም ከፓስፖርቱ ጋር ያመሳክራል፤ እንዲህ ያለው ሰው ሌባ መባል አይገባውም።

ቲኬቱን የገዛው ሌላ ወገን መሆኑም ለውጥ አያመጣም። በሱሉልታ ከፍታ ላይ የሚለማመድ ሯጭ የውድድር አዘጋጅ በገዛለት ቲኬት ወደ አውሮፓ ቢበር፣ የቲኬቱ ዓይነት እስከፈቀደ ድረስ ማይሉ የሯጩ ነው፤ ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ጅዳ ለሥራ የምትሄድ እኅትም እንዲሁ፣ ምዝገባው ሳንቲም ስለማያስከፍል፣ ይህን ከመነሣቷ በፊት ሊነግራት የሚገባው ላኪ ኤጀንሲዋ ነበር። የሆቴሉ ነጥብ ግን የተለየ ጠባይ አለው፦ አዘጋጁ በጅምላ ተዋውሎ በከፈለው ክፍል፣ ወይም በሌላ ሻጭ ድረ ገጽ በተያዘ አልጋ ያደረ እንግዳ ብዙውን ጊዜ ነጥብ አያገኝም። ሳይመዘገብ የቀረ በረራ በቦርዲንግ ፓሱና በቲኬቱ ቁጥር በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ሊጠየቅ ይችላል፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቲኬት ቁጥር 13 አኃዝ ያለውና በ071 የሚጀምር ሲሆን፣ መንገደኛው ከቦሌ እንደወጣ የሚጥለው ወረቀት ማስረጃው መሆኑን ሊያውቅ ይገባል።

«ነጥብ እንሸጣለን» የሚሉት ደላሎች የሚያተርፉት ይህ ሁሉ ስለማይታወቅ ነው። ትልልቆቹ ሰንሰለቶች አባል ነጥቡን ለሌላ ሰው በገንዘብ እንዳይሸጥ በደንባቸው ይከለክላሉ፤ ሽያጩ ሲደረስበት አካውንቱ ይዘጋል፣ የተያዘውም ክፍል ይሰረዛል። ነጥቡ ከተሰረቀ አካውንት የመጣ ከሆነ ደግሞ ስረዛው የሚታወቀው መንገደኛው ባሕሩን ተሻግሮ ከደረሰ በኋላ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ሰዓት ደላላው ስልኩን አያነሣም፣ እንግዳውም ሻንጣውን ይዞ በሪዞርቱ መቀበያ ፊት ቆሞ በስሙ ያልተመዘገበ ነጥብ የእርሱ መሆኑን የሚያስረዳበት ወረቀት አይኖረውም።