የመንዝ ብርድ፣ የጓሳ ሳር እና የበረቱ ውሻ፤ ምን ያገናኛቸዋል?

ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትጓዙ መንዝ ጓሳ ትደርሳላችሁ። ከፍታው ከባህር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይበልጣል። በበጋ ሌሊቱን ውርጭ ይወርድና ጠዋት ሜዳው ነጭ ሆኖ ይታያል። እዚህ ገብስ እየዘሩና በግ እያረቡ መኖር ቀላል አይደለም፤ ግን ሰዉ ለዘመናት ኖሮበታል። እንዴት ቻለው? ሦስት ነገሮችን እንይ።

1. ቤቱ

ነባሩ የመንዝ ቤት የድንጋይ ነው። ግድግዳው ወፍራም ሆኖ ድንጋዩ በጭቃ ይያያዛል። ወፍራም ድንጋይ ቶሎ አይሞቅም፣ ቶሎም አይቀዘቅዝም። ቀን ከፀሐይ፣ ማታ ከምድጃው የወሰደውን ሙቀት ሌሊቱን ቀስ እያለ ይመልሳል። ከብትና በግ ከሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩበት ቤትም አለ፤ ገላቸው ራሱ ማሞቂያ ነው። ኩበቱ ደግሞ ማገዶ ይሆናል፤ በዚህ ከፍታ እንጨት እንደልብ አይገኝማ!

2. ሳሩ

የነባሩ ቤት ክዳን የጓሳ ሳር ነው። ጥቅጥቅ ተደርጎ ሲከደን በመሀሉ የሚቀረው አየር ሙቀቱን ይይዛል። ቆርቆሮ ይህን አይችልም፤ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። እርግጥ ቆርቆሮ በየጊዜው አድሱኝ አይልም፣ እሳትም እንደ ሳር አይበላውም። ሰው የሚመርጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሳሩ እንዳያልቅ የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» የሚባል ሥርዓት ነበረው (በቅርብ ዓመታት ከሰማችሁት ቄሮ ጋር እንዳታምታቱት)። ሕዝቡ የመረጠው አለቃ ሜዳውን ለዓመታት ይዘጋል፤ ሳሩ ሲደርስ ይከፈትና ይታጨዳል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፣ ሜዳውም ተጎዳ። በኋላ ነዋሪው ራሱ በደንብና በጠባቂ መልሶ አቆመው። ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው።

3. ውሻው

በግ ባለበት ጅብም ተኩላም አይጠፋም። የውሻው ትልቁ ሥራ መጮህ ነው፤ ባለቤቱን ቀስቅሶ በረቱን ያድናል። ችግሩ ብዙ ውሻ ጠግቦ አያድርም። ስለዚህ አይጥና ጥንብ ፍለጋ ወደ ሜዳው ይወጣል። ሜዳው ላይ ደግሞ ቀይ ቀበሮ አለ።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። በአገሪቱ ሁሉ የቀሩት አዋቂዎቹ 500 አይሞሉም። በዋናነት የሚበላው አይጥ ስለሆነ ከውሻው ጋር አንድ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ። ያኔ የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የተባለው በሽታ ይተላለፍበታል። ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ ባሌ ላይ ታይቷል፦ እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው የእብድ ውሻ ወረርሽኝ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨረሰ።

ታዲያ ውሻውን እናስወግድ? በፍጹም! ውሻ የሌለው በረት የጅብ ነው። መፍትሔው ክትባት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የእብድ ውሻ በሽታ መስፋፋቱ ይቆማል። በግ ጠባቂውም፣ ቀይ ቀበሮውም፣ ሰውም ይተርፋሉ።

ለሰውም ነገሩ ቀልድ አይደለም። በሽታው ምልክት ማሳየት ከጀመረ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን በክትባት መዳን ይቻላል። ስለዚህ፦

– ውሻ ከነከሳችሁ ወይም ከቧጨራችሁ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ።
– ቁስሉ ትንሽ ነው ብላችሁ አትናቁ። በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ።
– የባህል መድኃኒት እየሞከራችሁ ቀን አታባክኑ።
– የታዘዘላችሁን ክትባት ሳታቋርጡ ጨርሱ።

ገጠር ቤተሰብ ያላችሁ ዛሬ ስትደውሉ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «ውሻው ተከትቧል ወይ?» ካልተከተበ በቅርብ ያለውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ እንዲጠይቁ ንገሯቸው። ይህን ጽሑፍም ሼር አድርጉት፤ የማን በረት ውሻ ሳይከተብ እንዳለ አይታወቅም።