ግማሽ ሰዓት የማይበቃው ጥያቄ፦ ዘርና የጥቁር አሜሪካውያን የቤተሰብ ኮሜዲ



ሲትኮም ጥብቅ ሕግ አለው። ገና ከጅምሩ አንድ ችግር ይነሣል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላም በሳቅና በዕርቅ ይፈታል። የዘር አድልዎ ግን እንዲህ የሚፈታ ችግር አይደለም። ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰቦች የተሠሩት ኮሜዲዎች ታዲያ ይህን የማይፈታ ነገር የት አስቀመጡት? ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ይህ ነው። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1974 የጀመረው «ጉድ ታይምስ» በቺካጎ የመንግሥት ኪራይ ቤት የሚኖር ድኻ ቤተሰብ ያሳያል። በመጀመሪያው ሐሳብ እናቲቱ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ነበረች፤ ተዋናይቷ ኤስተር ሮል ግን አባት ካልተጻፈላቸው አልሠራም አለች። አባት ሆኖ የተጫወተው ጆን ኤሞስ፣ የቤተሰቡ ቁም ነገር እየተረሳ የበኩር ልጁ ቀልድ መድረኩን መውረሱን ተቃወመ። ተሰናበተም፤ በ1976 ገጸ ባሕርዩ በመኪና አደጋ እንዲሞት ተደረገ። ሮል ተሟግታ ያስገባችው አባት ከቤቱ የወጣው በዚህ መልክ ነው።

«ዘ ኮዝቢ ሾው» (1984–1992) ሌላ መንገድ መረጠ። አባት ሐኪም፣ እናት ጠበቃ፤ በግድግዳው ላይ የጥቁር ሠዓሊያን ሥራዎች፣ በቤቱ ውስጥ ጃዝ፤ ስለ ዘረኝነት ግን ከሞላ ጎደል ዝምታ። ዝምታውን ፍርሃት ብዬ አልደመድምም፤ ጥቁር ቤተሰብን ያለ መከራ ማየት ራሱ ብርቅ ነበርና። (ዋናው ተዋናይ ኋላ የተከሰሰበት ወንጀል ዛሬ ተከታታዩን መመልከት ከባድ ማድረጉን አልዘነጋም።) ሱት ጃሊና ጀስቲን ሉዊስ በ1992 ያሳተሙት ጥናት ግን የዝምታውን ዋጋ አሳይቷል። ነጭ ተመልካቾች ቤተሰቡን ወደዱት፤ ብዙዎቹም እነዚህ ከተሳካላቸው ያልተሳካላቸው ጥፋቱ የራሳቸው ነው ወደሚል ሐሳብ አዘነበሉ።

በእኔ ግምት ሕጉን በጥበብ የጣሰው «ዘ ፍሬሽ ፕሪንስ ኦፍ ቤል ኤር» ነው። በ1990 በተላለፈ አንድ ክፍል ዊልና የአክስቱ ልጅ ካርልተን ውድ መኪና ሲነዱ ፖሊስ ይይዛቸዋል። የሕግ ባለሙያው አባት ደርሶ ያስፈታቸዋል። በተለመደው ሥርዓት ታሪኩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ካርልተን ግን አባቱን ይጠይቃል፦ ፖሊስ ብትሆንና ቀስ ብሎ የሚሄድ መኪና ብታይ አታስቆምም ነበር ወይ? አባትየው፣ መጀመሪያ ጊዜ ሲያስቆሙኝ እኔም ራሴን ይህንኑ ጠይቄያለሁ ይለውና ደኅና እደር ብሎት ይሄዳል። ልጁ ብቻውን ቀርቶ፣ እኔ ብሆን አስቆም ነበር ይላል። ሀብት እንዳልከለለው ተመልካቹ አይቷል፤ እርሱ ግን ገና አላየም።

«ብላክ-ኢሽ» በ2016 ክርክሩን ወደ ወላጆቹ አዛወረው። ቤተሰቡ ሳሎን ተቀምጦ ስለ ፖሊስ ጥቃት ዜና ይመለከታል፤ እናት ልጆቹ ተስፋ እንዳያጡ፣ አባት እውነቱን እንዲያውቁ ይሟገታሉ። (አሜሪካ ልጅ የሚያሳድጉ ወገኖቻችን ይህ ክርክር እንግዳ አይሆንባቸውም።) አባትየው፣ ኦባማ በበዓለ ሲመቱ ዕለት ከመኪና ወርዶ በእግሩ ሲራመድ የተሰማውን ፍርሃት ያስታውሳል።

ለ2018 የተቀረጸ ሌላ የዚሁ ተከታታይ ክፍል ግን በኤቢሲ ጣቢያ ሳይተላለፍ ቀረ። ሕዝብ ያየው በኢንተርኔት፣ በ2020፣ ጆርጅ ፍሎይድ ከተገደለ ከወራት በኋላ ነው። ታሪኩም አንድ አባት እንቅልፍ ለነሣው ሕፃን ልጁ ስለ አገሩ የሚያወራው የመኝታ ተረት ነበር።