ያውቁ ኖሯል? የሽቦ አጥር የታጠረለት የፓርቲ ጉባኤ

እ.ኤ.አ. በግንቦት 1904 የዊስኮንሲን ግዛት ሪፐብሊካኖች ማዲሰን ከተማ ለጉባኤ ሲሰበሰቡ፣ ወደ አዳራሹ የገቡት በሽቦ አጥር መካከል በተተወች ጠባብ መተላለፊያ ነበር። በሩን የሚጠብቁት ደግሞ በግዛቲቱ ዩኒቨርሲቲ ቡድን የአሜሪካን እግር ኳስ የተጫወቱ ፈርጣሞች ናቸው። ይህን ሁሉ ያሰናዱት የአገረ ገዥው የሮበርት ላፎሌት ደጋፊዎች ሲሆኑ፣ የፈሩትም ዴሞክራቶችን ሳይሆን የገዛ ፓርቲያቸውን ሰዎች ነው!

ላፎሌት የፓርቲ ዕጩዎችን ጉባኤ ሳይሆን ተራው መራጭ ይምረጥ፣ የባቡር ኩባንያዎችም ተገቢውን ግብር ይክፈሉ ባይ ነበሩ። ይህ ያልጣማቸው፣ "ስታልዋርት" የሚባሉት ነባር መሪዎች ጉባኤውን ጥለው ወጡና በከተማዋ ኦፔራ ቤት ሌላ ጉባኤ ተቀመጡ፤ ሳሙኤል ኩክንም ለአገረ ገዥነት ዕጩ አደረጉ። የፓርቲው ብሔራዊ ጉባኤ ለእነሱ ቢያደላም፣ ምርጫው አንድ ወር ያህል ሲቀረው የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለላፎሌት ወገን ፈረደ። ላፎሌት አሸነፉ፤ ሕዝቡም መራጩ የፓርቲ ዕጩዎችን ራሱ የሚመርጥበትን የቀጥታ ቅድመ ምርጫ ሕግ በድምፁ አጸደቀ።

በ1906 በዚሁ ሕግ በተካሄደው የመጀመሪያ ቅድመ ምርጫ ግን ላፎሌት ለአገረ ገዥነት የደገፏቸው ኧርቪን ሌንሩት በጄምስ ዴቪድሰን ተሸነፉ።